ሳይት ላይ ተጎዳሁ፤ ሕጉ ምን ያደርግልኛል?

የግንባታ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው። መልሶቹ በኢትዮጵያ ውስጥ በግል አሠሪ ሥር ለሚሠሩ ናቸው፤ ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የሚባለው የቱ ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ አደጋ ነው፦ ከመወጣጫ መውደቅ፣ ብሎኬት እግር ላይ ማረፍ፣ ሚክሰር ጣት መያዝ። ሌላው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው። ለዓመታት ድንጋይ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ሳንባው በአቧራ ሲጎዳ በዚህ ይገባል። በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ከሥራው ጋር ማያያዙ ከአደጋ ይልቅ ይከብዳል፤ የሐኪም ማስረጃው ጠንካራ መሆን አለበት።

አደጋው የግድ ሶሌታው (የፎቁ ወለል አርማታ) ላይ፣ በሥራ ሰዓት መድረስ የለበትም። «ሂድና ፌሮ አስጭነህ ና» የተባለ ሠራተኛ መንገድ ላይ ቢጎዳ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወይም በምሳ ሰዓት፣ በሥራው ምክንያት ግቢው ውስጥ እያለ የተጎዳም እንደዚያው። ድርጅቱ ለሠራተኛ ማመላለሻ በመደበው ወይም በተከራየው መኪና ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም ይገባል። ከቤትዎ በራስዎ ታክሲ ተሳፍረው ሲመጡ የደረሰው ግን አይገባም።

አሠሪው ምንም ሳያጠፋ ይከፍላል?

አዎ፣ ይከፍላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። እርስዎ «አሠሪዬ አጥፍቷል» ብለው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ማስረዳት ያለብዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የእሱ ሠራተኛ መሆንዎንና ጉዳቱ ከሥራው ጋር በተያያዘ መድረሱን።

«በራስህ ጥንቃቄ ማነስ ነው የወደቅከው» የሚለው መልስ ስለዚህ ብቻውን አያዋጣም። ሰው ሥራ ላይ ይሳሳታል፣ ይደክማል፣ እግሩ ይንሸራተታል። ሕጉም ይህን አውቆ ነው የተጻፈው። ከኃላፊነት የሚያስወጡት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ታች ወረድ ብለን እናያቸዋለን።

እንደተጎዳሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሕክምና። አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ በጊዜው የመስጠትና ወደሚቀርበው የሕክምና ተቋም የማድረስ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ካርድ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ አፍዎን አይዝጉ። ምን እንደሆኑ፣ የት እንደሆኑ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ራስዎ ይናገሩ። መናገር ካልቻሉ ቤተሰብ ወይም የሥራ ጓደኛ ይናገር። ያደረስዎት ፎርማን እንዲናገርልዎ አይተዉ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። «ከቤት ደረጃ ላይ ወደቀ» የሚል የሕክምና ካርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው የሚኖረው መሬት ላይ በተሠራች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር በቤቱ የለም። የወደቀው ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ካርዱን ያስሞላው ግን አብሮት የሄደው የአሠሪው ሰው ነው። ያችን አንድ መስመር ለማፍረስ ስንት ምስክር እንደተቆጠረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ቀጥሎ ማስረጃ መሰብሰብ ነው፤ እሱም በቀናት ውስጥ። ሳይት ይቀየራል። ዛሬ የወደቁበት መወጣጫ ነገ ይፈርሳል፣ የተከፈተው ጉድጓድ ከነገ ወዲያ በአርማታ ይሞላል። አንድ ጓደኛዎ ቦታውን በስልክ ፎቶ ያንሣው። ያዩትን ሰዎች ስምና ስልክ ይጻፉ፤ የቀን ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነው፣ በሳምንቱ ሌላ ከተማ ነው። ታይም ኪፐሩ ስምዎን የጻፈበትን የዚያን ቀን ገጽ ፎቶ ማንሣት ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ለአሠሪውም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ግልባጩ ላይ ተቀባዩ ይፈርምልዎ። አሠሪው ራሱ አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ካላሳወቀ እርስዎ በሚሠሩበት አካባቢ ላለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ማመልከት ይችላሉ።

የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ የፈረምኩት ውልም የለም። መብት አለኝ?

አለዎት። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ሕጉ «ቋሚ ብቻ» አይልም። በቀን የሚከፈለው፣ በሳምንት የሚከፈለው፣ ለአንድ ሙሌት ብቻ የተጠራውም ሠራተኛ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ማስረዳቱ። የክፍያ ሰነድ፣ የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ዝውውር፣ የመግቢያ ባጅ፣ ከፎርማኑ ጋር የተለዋወጡት መልእክት፣ አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይረዳል። በተለይ ገንዘብ የገባበትን የስልክ መልእክት አያጥፉ።

የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል?

አሠሪው። ጠቅላላና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ መሣሪያ ይጨምራል። ሕክምናው የሚቆመው የሕክምና ቦርድ (ጉዳትን መርምሮ የሚወስን የሐኪሞች ቡድን) ሲወስን ነው እንጂ ሒሳብ ሹሙ «በዛ» ሲል አይደለም። ከኪስዎ ከከፈሉ እያንዳንዱን ደረሰኝ ይያዙ።

ተኝቼ ለምቆይበት ጊዜ ደመወዝ ይከፈለኛል?

ይከፈልዎታል፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ። ስሌቱ በሦስት ይከፈላል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ነው። ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ አያንስም። ለቀሩት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ አያንስም። መነሻው ከጉዳቱ በፊት ያገኙት የነበረው አማካይ ደመወዝ ነው። ለምሳሌ በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ባይችል 30,000፣ ከዚያ 22,500፣ ከዚያ 30,000፣ በድምሩ 82,500 ብር ማለት ነው።

ክፍያው ሐኪም «ድነሃል» ካለ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ከጀመረ ይቆማል። ሌላም የሚያስቆም ነገር አለ። ለምርመራ አልቀርብም ካሉ፣ ወይም ሆን ብለው መዳንዎን የሚያዘገይ ነገር ካደረጉ ሊታገድ ይችላል። ወጌሻ ጋ ሄጄ ይሻላል ብሎ የሆስፒታል ቀጠሮ መተው እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ይህ ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም፤ በዕዳም አይያዝም።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ስንት ነው የማገኘው?

በመጀመሪያ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ መታወቅ አለበት። ይህን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ሐኪሙ ካርድ ላይ «እጁ ተጎድቷል» ብሎ መጻፉ አይበቃም፤ «30 በመቶ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት» የሚል የቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ቦርዱ በተቻለ መጠን ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ይላል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጡረታ ተመዝግበዋል ወይ ነው። የቀን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ አልተመዘገበም። ላልተመዘገበው፣ የሚበልጥ ነገር የሚሰጥ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የተዋዋሉት) ወይም ኢንሹራንስ ከሌለ፣ ሙሉ በሙሉና በዘላቂነት መሥራት ላልቻለ ሰው አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ከዚያው ላይ በመቶኛው ይሰላል። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው የዓመቱ 120,000፣ የ5 ዓመቱ 600,000 ነው። ቦርዱ 30 በመቶ ካለ 180,000 ብር ይሆናል።

ጡረታ የተመዘገበ ሰው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው የሚስተናገደው። ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ መሆን አለበት። ሥራ ጨርሶ ላልቻለ ሰው የመሠረታዊ ደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ የጉዳት ጡረታ ይሆናል። መሥራት ለሚችል ደግሞ ይኸው 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ በጉዳቱ መቶኛ ይሰላል፤ በምሳሌያችን 84,600 ብር ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጉ፦ ፊት ላይ ከባድ ጠባሳ ቢቀር፣ ሥራ ባያስቆምም እንኳ፣ ሕጉ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጥረዋል። ኖራ ወይም ቃጠሎ ፊቱን ያበላሸው ሰው «ትሠራ የለ እንዴ» ተብሎ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም።

ሠራተኛው ቢሞትስ?

ጥገኞቹ መብት አላቸው። ጡረታ ያልተመዘገበ ከሆነ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን ይከፍላል። ግማሹ ለሚስት ወይም ለባል ነው፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ፣ ሟቹ ይረዳቸው ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ነው። ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚሰጥ ገንዘብም አለ። ጡረታ ከነበረው ቤተሰቡ የተተኪ ጡረታ ይጠይቃል።

በሐዘን መሐል ሰነድ ማሰብ ይከብዳል፤ ያው ግን የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ማስረጃ ሳይያዝ የሚሆን ነገር የለም። አሠሪው ለልቅሶ ድንኳን ሰጠ፣ አስከሬን አገር ቤት አደረሰ ማለት ካሳ ከፈለ ማለት አይደለም።

«ሄልሜት አላደረግክም» ብለው ካሳ ሊከለክሉኝ ይችላሉ?

አንዳንድ ጊዜ አዎ። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ አሠሪው አይጠየቅም። ሕጉ ሁለት ነገሮችን እንደዚያ ይቆጥራል፦ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና አካልን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት።

ቁም ነገሩ «በግልጽ የሰጠውን» የሚለው ላይ ነው። ሄልሜት ሳይሰጡ ሄልሜት አላደረግክም ማለት አይቻልም። በር ላይ የተለጠፈ፣ ዝናብ ያጠበው፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ መመሪያ ተሰጥቷል ያሰኛል ወይ? እኔ ዳኛ ብሆን አላሰኝም ነበር፤ ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት የሚታይ ነው። ይህን መከራከሪያ የሚያነሣው አሠሪው ስለሆነ የማስረዳቱም ሸክም የእሱ ነው፦ መቼ ሰጠ፣ ማን ፈረመ፣ ማን ያሠለጥን ነበር። የአደጋ መከላከያ ማቅረብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር ደግሞ ከመጀመሪያውም የአሠሪው ግዴታ ነው። ሴፍቲ ቤልት ተሰጥቶት፣ ተነግሮት፣ ፈርሞ፣ ሲሞቀው ፈትቶ የጣለ ሰው ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። ይህን መደበቅ አይጠቅምም።

የቀጠረኝ ካፖው ነው፤ ኮንትራክተሩ «አላውቀውም» ይላል። ማንን ልክሰስ?

ሳይት ላይ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው። ባለቤት አለ፣ ዋና ኮንትራክተር አለ፣ ሰብ ኮንትራክተር አለ፣ ከእነሱ ሥር ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያመጣ ካፖ አለ። ሲከፈል ሁሉም አለቃ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ማንም አያውቅም።

ፍርድ ቤቱ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው የሚያየው። ማን ያዛል? ደመወዙ ከማን ኪስ ይወጣል? ማን ያባርራል? ካፖው ሰው የሚቆጥርና ገንዘብ የሚያድል ብቻ ከሆነ አሠሪው ኮንትራክተሩ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የልስኑን ሥራ በቁርጥ ወስዶ፣ በራሱ መሣሪያና በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ከሆነ ግን ለረዳቶቹ አሠሪ እሱ ነው። ለራሱ ደግሞ የሥራ ተቋራጭ እንጂ ሠራተኛ ስላልሆነ አዋጁ አይሸፍነውም። እርግጠኛ ካልሆኑ ሁለቱንም በአንድ ክስ ተከሳሽ ማድረግ ይሻላል። አንዱን ብቻ ከሰው ከስምንት ወር በኋላ «አሠሪው እሱ አይደለም» ቢባሉ ጊዜው ያልቅብዎታል።

ቤቱን ራሱ የሚያስገነባ ግለሰብም ቢሆን አንድ ሰው እንኳ በቀጥታ ከቀጠረ አሠሪ ነው።

አሠሪው ወይም ሌላ ሰው በግልጽ አጥፍቶ ከሆነ ተጨማሪ ካሳ አለ?

አለ። አዋጁ ያለ ጥፋት የሚከፈለውን ይሰጣል፤ ጥፋት ካለ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተጨማሪ ጉዳት መጠየቅን አይከለክልም። መወጣጫው የበሰበሰ እንጨት መሆኑ ተነግሮት «ዛሬን አሠሩበት» ያለ አሠሪ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ያኔ በጉዳቱ ምክንያት የሚቀርብዎትን የወደፊት ገቢ ጭምር ይጠይቃሉ።

ጉዳት ያደረሰው ሌላ ሰው ከሆነም መንገዱ ክፍት ነው። በጎን የሚሠራ የሌላ ድርጅት ክሬን፣ ወደ ኋላ የመጣ ሲኖ ትራክ፣ የተደረመሰ የጎረቤት ግንብ ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕንፃና የማሽን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይዟል። ተሽከርካሪ ከሆነ የሦስተኛ ወገን መድኑንም ይጠይቁ። የሕሊና ካሳ (ለሥቃይና ለሐዘን የሚከፈለው) ላይ ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አድርጎታል። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር።

«ይህን ገንዘብ ውሰድና ፈርም፣ ጉዳዩ ይለቅ» ተባልኩ። ልፈርም?

ሳያነቡ አይፈርሙ፤ የቦርድ ውጤት ሳይመጣ ጨርሶ አይፈርሙ። ጉዳትዎ 10 በመቶ ይሁን 50 በመቶ ሳይታወቅ በስንት ብር ይስማማሉ? ሥራውን በስምምነት ቢለቁ እንኳ ሕግ የሰጠዎትን መብት ትቻለሁ የሚለው ቃል ውጤት እንደሌለው አዋጁ ይናገራል። ሆኖም የተፈረመ ወረቀት ክርክር ያራዝማል። ገንዘቡ ካስፈለገዎትና ቤት የሚበላ ከሌለ፣ ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ያስጽፉ።

ብከስ ያባርሩኛል?

አቤቱታ ማቅረብ ወይም አሠሪን መክሰስ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይደለም፤ አዋጁ በቀጥታ ይህን ጠቅሶ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ከተባረሩ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እውነቱን ለመናገር ግን የቀን ሠራተኛን ማንም «አባረርኩህ» አይለውም፤ ነገ ስሙን አይጠሩትም፣ በቃ። ለዚህም ነው የታይም ኪፐሩ ገጽ የሚያስፈልገው።

የት ነው የምከሰው? እስከ መቼስ?

በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ይላል፤ በተግባር ግን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል።

የካሳ ጥያቄው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ጊዜ፣ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ 6 ወር ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጥፋት ላይ ተመሥርቶ የሚቀርበው ክስ 2 ዓመት አለው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ «ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመጣ እንጨርሳለን» እየተባለ ዓመቱ ያልፋል። በአፍ የሚደረግ ሽምግልና ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል አቤቱታ ማቅረብ ወይም አሠሪው በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱም ይግባ።

ፖሊስ ጉዳዩን ዘጋው፤ አለቀልኝ ማለት ነው?

አይደለም። ወንጀሉና ካሳው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በቸልተኝነት ሰው ማቁሰልና መግደል በወንጀል ያስጠይቃል፤ ይህን የሚከታተሉት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ክሱ ቢዘጋ ወይም ተከሳሹ ነፃ ቢባል የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም። የሥራ ችሎቱ ደግሞ ጥፋት መኖሩን እንኳ አይጠይቅም። የፖሊስ መዝገቡን ግልባጭ ግን ያውጡ፤ በዕለቱ የተወሰደ የምስክር ቃልና የቦታ ንድፍ ሊኖርበት ይችላል።

ካሳ ከወሰድኩ በኋላ ቢብስብኝስ?

የቦርዱ ውሳኔ እንደገና ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ ከባሰ፣ ከተሻለ ወይም መጀመሪያ በስሕተት ከተመረመረ፣ ሠራተኛውም ሆነ አሠሪው ድጋሚ ምርመራ መጠየቅ ይችላሉ፤ ክፍያውም በውጤቱ መሠረት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አሠሪውም መጠየቅ እንደሚችል ልብ ይበሉ። የመጀመሪያውን ራጅና የቦርዱን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ ኮፒ ነው የሚሰጠው። ከዓመታት በኋላ «ያኔ እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን እንዲህ ሆንኩ» ለማለት ያኛው ራጅ ያስፈልጋል።